ደብተራው፣ ንብ አናቢውና የብልህነት ነጥብ

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተበተነ ወረቀት፣ ሦስት የሉዶ ዳይስ፣ ክዳኑ የተከፈተ ሙዳይ። ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል።)

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጅማ። አራት ሆነን ጠረጴዛ ከበናል፤ ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል። ገጸ ባሕርይ ሆነን በምንጫወተው ጨዋታ ውስጥ ግን ያለነው በአባ ጅፋር ዘመን፣ ሕርማታ ገበያ መሀል ነው። አንዷ ጓደኛችን ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ከጎጃም የወረደ ደብተራ ሆናለች። ሌላው ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል ንብ አናቢ ነው። ሦስተኛው ነጋዴ ነው፤ ዛሬ ብዙም አናነሳውም። እኔ አጫዋች ነኝ፦ ዓለሙን እተርካለሁ፣ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይነግሩኛል፣ ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር ዳይስ ይፈርዳል።

(ምስል፦ የደብተራው ወረቀት ቀረብ ብሎ ይታያል። «ብልህነት 16»።)

ይቺ 16 ምንድን ናት?

ይህ የጨዋታ ዓይነት መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ያወጡበት ዓመት። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስድስት ነጥቦች አሉት፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ብልህነት፣ ማስተዋልና ግርማ ሞገስ። ስሞቹን ወደ አማርኛ የመለስናቸው እኛው ነን፤ የመጨረሻው ላይ ግማሽ ሰዓት ተጨቃጭቀናል።

በጥንቱ ደንብ ሦስት ዳይስ ይጣልና ይደመራል። ዝቅተኛው 3፣ ከፍተኛው 18። ሦስት ዳይስ በ216 መንገድ ሊወድቅ ይችላል፤ 18 የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው። 10 ወይም 11 የሚሰጡት ግን 54 ናቸው፣ ሩቡ ማለት ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሰው መሀል ላይ ይሰፍራል፤ እንደ ገበያው ሕዝብ። ነጥቡን በአሥር አባዝቶ «የኔ ሰውዬ አይ ኪው 160 ነው» የሚል አይጠፋም። ተዉት። ነጥቡ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014ቱ ደንብ፣ እኛ በምንጫወትበት፣ ከነጥቡ ላይ 10 ይቀነሳል፣ ቀሪው ለሁለት ይካፈላል፣ ግማሽ ከመጣ ወደ ታች ይጠጋጋል። 16 የነበረው 3 ጭማሪ ይሆናል፤ የንብ አናቢው 8 ደግሞ 1 ቅናሽ። ይህ ቁጥር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ ይደመራል። ባለ 20 ገጹን ገበያ ዞሬ ስላጣሁት ከ1 እስከ 20 የጻፍንባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ከሙዳይ እናወጣለን። የወጣው ወረቀት ግን ተመልሶ ይገባል፤ ካልተመለሰ ዕድሉ ይዛባል።

(ምስል፦ ጠቆር ያለ ማር በማንኪያ ሲንጠባጠብ።)

አሁን ወደ ጉዳዩ። ገበያ ላይ ጠቆር ያለ፣ መረር የሚል ማር ይሸጣል። ተበላሽቶ ነው ወይስ ንቦቹ ግራዋ ቀስመው? ለማወቅ ድምሩ 15 መድረስ አለበት። ጥያቄው «ተፈጥሮ» የሚባለውን ክህሎት ይፈልጋል፤ በደንቡ ከብልህነት ሥር የሚያድሩት ክህሎቶች አምስት ናቸው፦ አስማት፣ ታሪክ፣ ምርመራ፣ ተፈጥሮና ሃይማኖት። ንብ አናቢያችን ተፈጥሮን ሠልጥኖበታል፤ ለጀማሪ ሥልጠና 2 ይጨምራል። ደብተራው ምንም አልሠለጠነም።

አስሉት። ደብተራው 3 አለው፣ ስለዚህ 12ና ከዚያ በላይ ይበቃዋል፦ 45 በመቶ። ንብ አናቢው ከ2 ላይ 1 ተቀንሶበት 1 ቀረው፣ 14 ያስፈልገዋል፦ 35 በመቶ። ዕድሜውን ዛፍ ላይ የኖረ ሰው ስለ ማር ከመጽሐፍ ራሱን ካላነሳ ሰው ያነሰ ያውቃል! የሥልጠናው ጭማሪ ወደ 4 አድጎ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ገጸ ባሕርያቱ በጨዋታ ብዛት እያደጉ 9ኛ ደረጃ ሲደርሱ ነው፤ እኛ እዚያ ለመድረስ ስንት ቅዳሜ እንደሚፈጅብን እንጃ።

ይህ እኔን ያናድደኛል። ደግነቱ ደንቡ ራሱ መውጫ አለው፦ አጫዋቹ ከፈቀደ ክህሎቱን ከሌላ ነጥብ ጋር ማጣመር ይቻላል። ቀለሙን አይቶ፣ አሽትቶ፣ ቀምሶ መለየት የማስተዋል ሥራ ነው አልኩ። የንብ አናቢው ማስተዋል 15 ስለሆነ 2 ጭማሪ፣ ከሥልጠናው ጋር 4፤ ዕድሉ ወደ 50 በመቶ ወጣ። የደብተራው ማስተዋል 8 ነው፤ ወደ 25 ወረደ። ማሩም ማር ሆኖ ቀረ።

ሌሎች ጨዋታዎች ችግሩን ከሥሩ ይፈቱታል። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ትራቨለር ብልህነትንና ትምህርትን ለያይቶ ሁለት ነጥብ አደረጋቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ኮል ኦፍ ክቱሉ ደግሞ ለእያንዳንዱ ክህሎት የራሱን መቶኛ ይሰጣል፤ 60 ካላችሁ ባለ መቶውን ዳይስ ጥላችሁ 60ና ከዚያ በታች ማምጣት ነው። እዚያ ብልህነት ገና ሲጀመር ክህሎት መግዣ ነጥብ ያስገኛል እንጂ በየጥያቄው እየመጣ ባለሙያውን አያሸንፍም። ለኔ ይሄኛው ይሻላል፤ ጓደኞቼ ግን አስማቱን ስለሚወዱ አይሰሙኝም።

(ምስል፦ ሙዳዩ ተዘግቶ ይታያል።)

ከባዱ ነገር ከወረቀቱ ውጭ ነው። ጉልበት 18 ያለውን ሰው ለመጫወት ጠረጴዛ ማንሳት አይጠበቅባችሁም። ብልህነትስ? ከራሳችሁ የበለጠ የሚያስብን ሰው በምን ጭንቅላት ትጫወቱታላችሁ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት አሮጊት መንገድ ዘግታ እንቆቅልሽ ጠየቀቻቸው። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» ንብ አናቢውን የሚጫወተው ልጅ ወዲያው ፈገግ አለ። ገጸ ባሕርይው ግን 8 ነው። ደብተራዋ ደግሞ በ16 ነጥቧ ጣሪያ ጣሪያ ታያለች፤ «አገር ስጠኝ» ልትል ምንም አልቀራት።

አንዳንድ አጫዋች ማንም ይመልስ ይላል፤ ያኔ ብልህነት ላይ ነጥብ ያፈሰሰችው ልጅ በከንቱ ከሰረች። አንዳንዱ ዳይስ ብቻ ይመልስ ይላል፤ ያኔ እንቆቅልሹን ለምን ጠየቅነው? እኔ የማደርገው፣ ዳይሱ መልሱን ሳይሆን ፍንጭ እንዲሰጥ ነው። እጇን ሙዳዩ ውስጥ ከታ 14 አወጣች፣ በ3 ጭማሪዋ 17። «ደብተራው በአዌቱ በኩል ሲመጣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳውን ድምፅ አስታወሰ» አልኳት።

«ወንዝ!» ብላ ጠረጴዛውን መታችው፤ ሲኒው ተደፋ።

ንብ አናቢው ከንፈሩን ነክሶ የቆየውን ያህል ተነፈሰ። «እኔማ ገና ጥያቄው ሳያልቅ አውቄው ነበር፤ ምን ላድርግ፣ 8 ነኝ።»