የአርክቴክቱ ሌየር እዚህ ይታይ፣ እዚያ ይጥፋ

ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ አውቶካድ ነው፣ ፕላን የምንሥልበት ሶፍትዌር። የአርክቴክቱን ፕላን በኤክስሬፍ አስገብታችኋል፤ ፋይሉ የእሱ ነው፣ እናንተ ሥዕል ውስጥ ተያይዞ ይታያል። ሌይአውት ላይ፣ ማለትም በሚታተመው ሉህ ላይ፣ ሦስት ቪውፖርት (ሥዕሉ የሚታይባቸው መስኮቶች) አላችሁ፤ አንዱ የመብራት፣ አንዱ የውኃ፣ አንዱ የስትራክቸር። የቤት ዕቃው ሌየር፣ ማለትም ዕቃዎቹ ለብቻቸው የተሳሉበት ንብርብር፣ በውኃው ላይ እንዲታይ አትፈልጉም። በመብራቱ ላይ ግን የግድ ነው፣ ሶኬቱ ቁም ሳጥን ኋላ እንዳይቀበር። እና እንዴት ይደረጋል?

ቆይ፣ መጀመሪያ ሰርግ እንሂድ።

ድግስ አለ። ወጡ የሚሠራው ጎረቤት ጓዳ ነው። እናንተ ያላችሁት ዳስ ውስጥ ነው። የመጣውን ታቀርባላችሁ እንጂ ጓዳ ገብታችሁ ጨው አትጨምሩም። ጓዳው የአርክቴክቱ ፋይል ነው። የሚመጣው ምግብ ኤክስሬፉ ነው። ዳሱ ሌይአውቱ፣ ጠረጴዛዎቹ ደግሞ ቪውፖርቶቹ።

ወሩ ጥቅምት ነው እንበል። የጽጌን የሚጾሙ አሉ። እነሱ ጠረጴዛ ላይ ክትፎ አይቀርብም። ግን ክትፎው ከዳሱ አይወጣም፤ ማዶ ያሉት አጎቴ እየጠበቁት ነው! ይሄ ነው ቪፒ ፍሪዝ፤ ቪፒ ቪውፖርት ማለት ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻ አይቅረብ ማለት ነው። በር ላይ ቆማችሁ «ክትፎ እንዳይገባ!» ካላችሁ ግን እሱ ተራው ፍሪዝ ነው። አጎቴም ጾማቸውን ዋሉ።

አሁን አሳላፊውን አስቡት። «እዚህ ጠረጴዛ ክትፎ የለም» ብላችሁታል። ከጓዳ አዲስ ትሪ ሲመጣ ያስታውሳል ወይስ ይረሳል? ያንን የሚወስነው ቪዝሪቴይን (VISRETAIN) የሚባለው የአውቶካድ ቅንብር ነው። 1 ከሆነ ያስታውሳል። 0 ከሆነ ፋይሉን ዘግታችሁ ስትከፍቱ ጓዳው ያለው ይጸናል፤ በኤክስሬፍ ሌየሮች ላይ የሠራችሁት ቀለምና ፍሪዝ አይገኝም። አብዛኛውን ጊዜ 1 ነው። ግን የሰው ፋይል ስትቀበሉ እዩት። እባካችሁ እዩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቪውፖርቱ ውስጥ ድርብ ክሊክ። ኤል ኤ ብላችሁ ጻፉ፣ ኢንተር፤ የሌየሮቹ ዝርዝር ይከፈታል። የኤክስሬፍ ሌየር ስሙ ላይ ያስታውቃል፤ መጀመሪያ የፋይሉ ስም፣ ከዚያ ቀጥ ያለች መስመር፣ ከዚያ ሌየሩ። ከጎኑ ቪፒ ፍሪዝ የሚለው ዓምድ ላይ ጠቅ። አለቀ። ቪፒ ከለርም እዚያው አለ፤ ግድግዳውን ለአንድ ቪውፖርት ብቻ ግራጫ ለማድረግ። ብዙ ቪውፖርት በአንድ ጊዜ ከሆነ ቪፒሌየር ብላችሁ ጻፉ፣ ፍሪዝ ምረጡ፣ የሌየሩን ስም ስጡት፣ ቪውፖርቶቹን ምረጡ። ስሙ ፊት ኮከብ ብታደርጉ የሁሉንም ኤክስሬፍ ያገኛል። ከዚህ ቀደም ስለ ሌይአውት የሠራሁት ቪዲዮ ቻናሉ ላይ አለ፤ ሰብስክራይብም አድርጉ።

አንድ ጥያቄ ግን ደጋግሞ ይመጣል፤ ስለ ባይንድ ነው፣ ኤክስሬፉን የራሳችሁ ፋይል አካል ስለማድረግ። «ኤክስሬፉን ባይንድ ካላደረግኩ ሌየሩን ማዘዝ አልችልም አይደል?» ትችላላችሁ! አሁን ያሳየኋችሁ ሁሉ ያለ ባይንድ ነው። «የአርክቴክቱን ፋይል አበላሽ ይሆን?» የሚልም አለ። አታበላሹም። የጠፋው እናንተ ሉህ ላይ ነው። እሱ ፋይሉን ሲከፍት ሁሉም ቦታው ላይ ነው።

ባይንድ ማድረግ ግን ከጓዳው ጋር መቆራረጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ትሪ የለም። የቀረበው እስኪያልቅ፣ እስኪቀዘቅዝ እሱኑ ነው። እኔ ሥራ ስጀምር አድርጌዋለሁ። ሌየሮቹን ላጥፋ ብዬ ባይንድ አደረግኩ፣ ቀጥ ያለችው መስመር ሄዳ በቦታዋ የዶላር ምልክትና ዜሮ ገባ፣ እኔም ተገላገልኩ አልኩ። በሳምንቱ አርክቴክቱ የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ 40 ሳንቲም ገፋው። የእኔ ሉህ የድሮው ግድግዳ ላይ ቀረ። ቱቦው ግድግዳ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ ወለሉ መሐል ቆመ። ሳይት ላይ ፎርማኑ ወረቀቱን ዘርግቶ ጣቱን ቱቦው ላይ አደረገ። «ይሄ በየት ነው የሚወጣው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስለዚህ ሥራው ገና እየተቀያየረ ባይንድ አታድርጉ። ተጠናቆ ለማስረከብ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ኤክስሬፉን ያስገባችሁበትን የራሳችሁን ሌየርም ፍሪዝ አታድርጉ። ፕላኑ በሙሉ ይጠፋል። «ኤክስሬፌ የት ሄደ?» ብላችሁ ከጻፋችሁልኝ መካከል አብዛኞቻችሁ እዚህ ናችሁ።

ሌላው፣ አርክቴክቱ ነገ አዲስ ሌየር ይጨምራል። ስለዚያ ሌየር ለአሳላፊው የነገረው ሰው የለም። ስለዚህ ሦስቱም ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የጾመኞቹም ላይ። ሪሎድ ባደረጋችሁ ቁጥር፣ ማለትም የአርክቴክቱን ፋይል እንደገና ባስጫናችሁ ቁጥር፣ ሦስቱንም ቪውፖርት አንድ በአንድ በዓይናችሁ እዩ። ፕሪንት ከዚያ በኋላ።