ጠርሙሱን ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን እዩ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬም ከባሕር ዳር ነኝ። የማወራችሁ ስለ ናፍጣ ነው። በተለይ አሮጌ የጀልባ ሞተር ያላቸው ሰዎች ናፍጣው ላይ ስለሚጨምሩት አዲቲቭ፣ በጠርሙስ ስለሚሸጠው የናፍጣ ማሻሻያ ኬሚካል።

ክረምት በወጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። «ሞተሬ ያጨሳል። ጠዋት አልነሳ ይለኛል። መሃል ሐይቅ ላይ ይጠፋብኛል። የትኛውን ጠርሙስ ልግዛ?» ጭንቀቱ ይገባኛል። ሞተር ማስፈታት ገንዘብ ነው። ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን ኖዝል ማሠራት ገንዘብ ነው። መለዋወጫውም ቢሆን እንደ ልብ አይገኝም። ጠርሙሱ ግን መደርደሪያ ላይ አለ፤ ጽሑፉም ሁሉን ነገር እንደሚያድን ይናገራል። እኔ ታዲያ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ታንክህ ስር ምን እንዳለ አይተሃል?

ይህ የእኛ የጣና ሰዎች ችግር ብቻ አይደለም። ባሕር ባላቸው አገሮች ሸራ ጀልባ ያላቸው ሰዎችም በዚሁ ነው የሚጨነቁት። ሸራ ጀልባ በነፋስ ይሄዳል። ሞተሩ የሚነሳው ወደብ ሲገባና ሲወጣ ወይም ነፋስ ሲጠፋ ነው። እነዚያ አሮጌ ያንማር፣ ፐርኪንስና ቮልቮ ፔንታ ሞተሮች ጠንካሮች ናቸው፤ በደንብ ከተያዙ አሥርት ዓመታት ያገለግላሉ። ናፍጣው ግን ታንክ ውስጥ ለወራት ይተኛል። የእኛም ጀልባዎች እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ እንደዚያው ሆነዋል። ድሮ ዘጌ ደርሶ መልስ ሲመላለስ የሚውለው ጀልባ ዛሬ ታስሮ ይሰነብታል። ናፍጣ ደግሞ መቆም አይወድም።

ሲቆም ምን ይሆናል? ውሃ ይገባበታል። ብዙ ሰው የሚያማርረው ታንኩ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጡ የሚያልበውን ላብ ነው። ላቡ እውነት ነው፤ ግማሹ ባዶ የሆነ ታንክ ያልበዋል። እኔ በየጀልባው የማየው ትልቁ ሌባ ግን ክዳኑ ነው። የመሙያው ክዳን ላስቲክ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ የጎጃም ክረምት ደግሞ ምን እንደሚያወርድ ታውቃላችሁ። ከዚያ ሌላ በርሜል ለበርሜል፣ ጀሪካን ለጀሪካን ሲገለበጥ የሚመጣ ውሃ አለ። ነዳጅ ሲጠፋ ከየትም የተገኘ ናፍጣ ይገዛል፤ በስንት ጀሪካን እንዳለፈ ማንም አይነግራችሁም።

አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ሟሙቶ የሚቀር ውሃ ቢበዛ ሁለት ጠብታ ቢሆን ነው። የተረፈው ከናፍጣው ስለሚከብድ ታች ይወርዳል። እዚያ ተኝቶ ዝም ቢል ጥሩ ነበር፤ ዝም አይልም። ውሃውና ናፍጣው በሚገናኙበት መስመር ላይ ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ። የሚኖሩት በውሃው ነው፣ የሚበሉት ናፍጣውን። አሲድ ይተፋሉ፣ ታንክ ያዝጋሉ።

ባለፈው አንድ የቆመ ጀልባ ላይ ውሃ መለያውን አብረን ከፈትን። ከስሩ ግልጽ ብርጭቆ ያለው ዓይነት ነው። የማፍሰሻውን ብሎን ላላ አደረግንና ነጭ የፕላስቲክ ማሰሮ ደቀንን። መጀመሪያ ውሃ ወረደ፣ ዝገት የቀላቀለ ቡናማ ውሃ። ቀጥሎ ጥቁር የሚያሟልጭ ነገር እየተጎተተ መጣ፤ በጣት ሲነካ ይለጠጣል፣ ሽታውም የናፍጣ ሽታ አይደለም፣ የበሰበሰ ነገር ነው። በመጨረሻ ንጹሑ ናፍጣ መጣ። ያን ጥቁር ነገር የጠላ አተላ በሉት፣ ያው ነው። አጠገባችን የቆሙ አንድ አዛውንት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሐይቁ ላይ የጨረሱ ጀልባ ነጂ ናቸው፤ እኔ አያ ነው የምላቸው።

«አያ፣ ለዚህ መድኃኒት አለው ይላሉ፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» አልኳቸው።

«መድኃኒቱስ ይኖር ይሆናል ልጄ፤ መጀመሪያ ይህን ጉድ አውጣለት» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ሻጋታና ባክቴሪያ የሚገድል ኬሚካል እውነትም አለ፣ ይሠራልም። ግን የሞተው የት ይሄዳል? የትም። ታንኩ ውስጥ ይቀርና ተንኮታኩቶ ፊልትሮውን፣ የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ይዘጋል። መድኃኒት ጨምረው በሳምንቱ ሞተሩ የባሰባቸው ሰዎች ጠርሙሱን ይረግማሉ። ኬሚካሉ ሥራውን ሠርቷል፤ ሬሳውን ያወጣ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ታንኩ መጀመሪያ ይጠባል፣ ይታጠባል፣ ፊልትሮ ይቀየራል። መድኃኒቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም በተጻፈለት ልክ።

የሞተር መጥፋት ለምን መሃል ሐይቅ ላይ እንደሚመጣም ከዚሁ ይገባችኋል። ጠዋት ጣና ዝም ያለ ነው፣ አተላውም ታች ተኝቷል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳና ማዕበሉ ጀልባውን ሲያንገላታ ታንኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይነሳል። ያን ጊዜ ፊልትሮው ይታነቃል። ሞተሩ በጣም በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት ላይ ይከዳችኋል ማለት ነው። ሰው አሳፍራችሁ ከዘጌ ወይም ከቁንዝላ ስትመለሱ ይህን አስቡት። ለዚህ ነው ነገሩን አክብጄ የማወራው።

አንድ ልመና አለኝ፣ ይህን በሞቴ ስሙኝ። ያወጣችሁትን ውሃና አተላ ሐይቁ ውስጥ አትድፉት። መድኃኒት ከገባበት ደግሞ ያ ኬሚካል የተሠራው ሕይወት ያለውን ነገር ለመግደል ነው። ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከዚሁ ሐይቅ ሰው ይጠጣል፣ ከብት ይጠጣል፣ ዓባይም ከዚሁ ተነስቶ ይወርዳል። በጀሪካን አጠራቅሙት፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ ከባሕሩ አርቁት። ስትነኩትም ጓንት አድርጉ።

ወደ ሌሎቹ ጠርሙሶች ልለፍ። ውሃ ያጠፋል የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ውሃውን ከናፍጣው ለይቶ ታች እንዲወርድ ያደርጋል፤ ይህ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ውሃ መለያው ይይዘዋል። ሌላው ውሃውን ከናፍጣው ጋር አደባልቆ በሞተሩ በኩል እንዲያልፍ የሚያደርግ ነው። ይህን አልወደውም። ናፍጣውን ወደ ኖዝል የሚገፋው የፖምፓው ክፍሎች የሚገጥሙት ከሚሊ ሜትር ሺህኛ ጥቂቱን በምታህል ክፍተት ነው። በዚያ መሃል ውሃ መላክ ብረቱን ማስበላት ነው።

ጭስስ? እዚህ ላይ ከፍታችንን አትርሱ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ተርቦ (አየር የሚገፋለት መሣሪያ) የሌለው አሮጌ ሞተር ጭነት ሲበዛበት ጥቁር ቢያጨስ ናፍጣው ተርፎ አየሩ አንሶት ነው። የናፍጣውን የመቀጣጠል አቅም የሚጨምር ጠርሙስ ጠዋት አስነስቶ ይረዳችሁ ይሆናል፤ አየር ግን አይጨምርም። ጭነት ቀንሱ፣ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ናፍጣው እንደ ከፍታው እንዲስተካከል ለፖምፓ ባለሙያ ስጡት። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ደግሞ ዘይት እየነደደ ነው። ያለቀ ፋሻን (የፒስተን ቀለበትን) የሚመልስ ጠርሙስ የለም።

የምደግፈው አንድ አለ። ዛሬ በብዙ አገር ሰልፈር የወጣለት ናፍጣ ነው የሚሸጠው፤ አሜሪካ የመኪና ናፍጣን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 15 እጅ ሰልፈር) ወስናዋለች፣ አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በ10። ሰልፈሩ ሲወጣ ናፍጣውን የሚያለሰልሱ ነገሮችም አብረው ይወጣሉ። ማጣሪያ ፋብሪካዎች በምትኩ ማለስለሻ ይጨምራሉ፤ ሆኖም በራሱ በናፍጣው የሚለሰልስ ፖምፓ ላለው አሮጌ ሞተር ትንሽ ማለስለሻ ቢታከልበት ጉዳት የለውም። ፖምፓው በሞተር ዘይት የሚለሰልስ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ለፊልትሮ አውሉት።

የቤት ውስጥ ቅመማ ግን ይቅርባችሁ። የተቃጠለ ዘይት ናፍጣ ላይ የሚያፈሱ አሉ፤ ጥላሸቱና የብረት ብናኙ ቀጥታ ወደ ኖዝል ይሄዳል። ቤንዚን መጨመር ደግሞ በእሳት መጫወት ነው። ናፍጣ በቀላሉ አይነድም፣ ጀልባ ላይ የተመረጠውም አንዱ በዚያ ነው። ቤንዚን የገባበት ታንክ ግን ሰው የጫነ ቦምብ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጀልባው ሊቆም ሲል ታንኩ እስከ አፉ ይሞላ። አውቃለሁ፣ በዚህ የነዳጅ ወረፋ ታንክ ሙላ ማለት ይከብዳል። ካልተቻለ ባዶውን አድርቃችሁ አስቀምጡት፤ ግማሽ ከመተው ይሻላል። የክዳኑን ላስቲክ ቀይሩ፣ ዋጋው ከማንኛውም ጠርሙስ ያንሳል። ናፍጣ ስትሞሉ በማጣሪያ ይለፍ። የውሃ መለያውን ብርጭቆ ሳታዩ ሞተር አታስነሱ። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሞተሩ አሁንም ካስቸገረ ያኔ ስለ ጠርሙስ እናውራ፤ ስትጽፉልኝ ግን የፖምፓውን ዓይነትና የጭሱን ቀለም ጻፉልኝ።

በሚቀጥለው ክፍል ስለ እንቦጭና ስለ ሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ አወራለሁ። ደህና ክረሙልኝ።