1262 ዓ.ም. ሲያበቃ፤ ሁለት የነገሥታት ሞት

ክቡራትና ክቡራን፣ የታሪክ ወዳጆች፣

የምናገረው አውሮፓውያን 1270 ስለሚሉት ዓመት፣ በተለይም በእኛ አቆጣጠር 1262 ዓ.ም. ሊያልቅ ስለተቃረበበት ክረምት ነው። በዚያ ዘመን መለወጫ ዋዜማ ሁለት ነገሥታት ሞቱ፤ የአንዱን ሞት እስከ ዕለቱ እናውቃለን፣ በሌላው ስም ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

የመጀመሪያው የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 9ኛ ነው። የመስቀል ጦረኞቹን በመርከብ አሻግሮ በሐምሌ ወር ቱኒስ አጠገብ፣ በጥንታዊቷ ካርቴጅ ፍርስራሽ ሰፈረ። በጠራራው ሐሩርና በተበከለው ውሃ ምክንያት የተቅማጥ ወረርሽኝ ገብቶ ሰፈሩን ፈጀው። ከ20 ዓመት በፊት፣ አባቱ ግብፅ በዘመተ ጊዜ ደሚያጥ ላይ የተወለደው ልጁ ዣን ትሪስታን ቀድሞት ሞተ፤ ንጉሡም በዚያን ዘመኑ የአውሮፓ አቆጣጠር በኦገስት 25፣ ማለትም በእኛ ጳጉሜን፣ ተከተለው። አስከሬኑ አገሩ እስኪገባ እንዳይበላሽ በወይን ጠጅና በውሃ ተቀቅሎ ሥጋው ከአጥንቱ ተለየ፤ አጥንቱ ፓሪስ አጠገብ በሳን ዴኒ ተቀበረ። ከሞተ 27 ዓመት በኋላም ቅዱስ ተባለ። ንጉሡ በሞተበት ዓመት መጋቢት ላይ የተወለደው የልጅ ልጁ ሻርል ዘቫሉዋ ራሱ አልነገሠም፤ የሻርል ልጅ ግን በአውሮፓውያን 1328 የፈረንሳይን ዘውድ ጫነ። የሃንጋሪው ቤላ 4ኛም፣ ሞንጎሎች ያወደሟትን አገሩን መልሶ ያቀናው ንጉሥ፣ ያረፈው በዚሁ በአውሮፓውያን 1270 በሜይ ነው።

በእኛ አገር፣ ትውፊት እንደሚለው፣ በዚያው ነሐሴ ይኩኖ አምላክ የመጨረሻውን የዛጉዌ ንጉሥ ወግቶ ገደለው። ሟቹ ማን ነበር? አንዳንዱ ይትባረክ ይለዋል፣ አንዳንዱ ነአኩቶ ለአብ። ለሉዊ ሞት የዓይን ምስክሮች ሲኖሩት፣ የዛጉዌውን ፍጻሜ ከጊዜ በኋላ የጻፉት በአብዛኛው የአሸናፊው ወገን ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ ስሙ መደብዘዙ ድንገተኛ ነው ብዬ አላምንም። ይኩኖ አምላክ ግን የራሱ ስም እንዲጠፋ አልተወም። ከላሊበላ ብዙ በማይርቀው የገነተ ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕሉ አለ፤ ከሥዕሉ ጋር ያለው ጽሑፍም በእግዚአብሔር ፈቃድ ከነገሠ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን ራሱ እንዳሠራ ይናገራል።

ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኝ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የግብፅ ሱልጣን ባይባርስ ነው። የሉዊ ዘመቻ ወደ ግብፅ እንዳይዞር ይሠጋ ነበር፤ የንጉሡ ሞት ከዚህ ሥጋት ስላሳረፈው በማግሥቱ ዓመት በሶርያ ምድር ታላቁን የመስቀል ጦረኞች ምሽግ፣ ክራክን፣ ያዘ። ይኩኖ አምላክ ደግሞ ጳጳስ ከእስክንድርያ እንዲላክለት ለዚሁ ሱልጣን ጻፈ፤ ደብዳቤው የደረሰው በየመን ገዥ በኩል ነበር። የተጠየቀው ጳጳስ አልመጣም፤ የይኩኖ አምላክ ልጅ ይግብአ ጽዮን ነግሦ ወደ ካይሮ ሲጽፍም ጥያቄው ያው ነበር።