ሦስት ቦታ ክፍት ተዉልን

(ዓለም ገና፣ በባንዱ አድናቂዎች ዓመታዊ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ!

በቅድሚያ ከሩቅ የመጣችሁትን አመሰግናለሁ። ከኮተቤ፣ ከሽሮ ሜዳ፣ ከፒያሳ ታክሲ እየቀያየሩ ዓለም ገና መድረስ ቀላል አይደለም። አየር ጤና ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። የዓለም ገና ልጆች ግን ምስጋና አትጠብቁ። እናንተማ በነጠላ ጫማ ነው የመጣችሁት።

የባንዱ አባላት ፊት ወንበር ላይ ተደርድራችሁ ሳያችሁ፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ደነገጥኩ። ይህን ንግግር ስጽፍ እናንተ ጓዳ ሆናችሁ ክራር የምትቃኙ መስሎኝ ነበር። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲሰማ ማማት ይከብዳል። ደግነቱ ያመጣሁት ሐሜት አይደለም። አቤቱታ ነው፤ ስለ ዘፈኖቻችሁ ቅደም ተከተል።

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ኮንሰርት ላይ አንድ የማላውቀው ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። መብራቱ ገና አልጠፋም። "መጀመሪያ ዋሽንቱ ብቻውን ይገባል" አለኝ። ገባ። "አሁን ድራሙ ሦስቴ ይመታል።" መታ። "አሁን ዘፋኙ 'ናፍቃችሁናል፣ እኛስ?' ይላል።" አሉ! እኔ በመደነቅ ዞሬ አየሁት። እሱ ግን አልተደነቀም፤ ቆሎውን ይቆረጥማል። አራተኛው ዘፈን ሊጀመር ሲል ብድግ አለ።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"ሽንት ቤት። ይቺ ከነጊታር ሶሎዋ ሰባት ደቂቃ ናት።"

ተመልሶ ሲቀመጥ ሶሎው እያለቀ ነበር። ከእጁ ላይ ያለው ውሃ እንኳን አልደረቀም።

ይኸው ሳቃችሁ። እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሳቄ ጠፋ። ያ ሰውዬ ባንዱን የሚጠላ ሰው አይደለም። እንደኔው ዓመታት የተከተለ፣ እያንዳንዷን ዘፈን የሚወድ ሰው ነው። ስለሚወድ ነው በቃሉ የያዘው። በቃሉ ስለያዘው ደግሞ ሽንት ቤት ይሄዳል።

ከዚህ የባሰም አለ። የመጨረሻዋን ዘፈን ሁላችንም እናውቃታለን። ከነሙሉ ባንድ፣ ክራሩና ኤሌክትሪክ ጊታሩ እየተቀባበሉ የሚያሳድጓት፣ ከምርጦቻችሁ አንዷ ናት። የዚያች ዘፈን መግቢያ ገና ሲሰማ ግማሹ አዳራሽ ይነሳል። ጃኬት ይለበሳል። ጫማ ይፈለጋል። ልጅ ይታዘላል። ለምን? ዘፈኗ ስታልቅ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ አየር ጤና ታክሲ ማግኘት ዕድል ነው። ዘፈንነቷ ቀርቶ የወያላ ጥሪ ሆናለች። እናንተ ምርጡን ዘፈናችሁን ለጀርባችን ነው የምትዘፍኑት። ይህን ስላችሁ አፍራለሁ። እኔም ከተነሱት አንዱ ነኝ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ወገን ልናገር። አምና የእህቴን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ይዣት መጣሁ። ያቺ እኔን የሰለቸችኝ፣ አራተኛዋ፣ ሽንት ቤት የምታስኬደዋ ዘፈን ስትመጣ ልጅቷ አለቀሰች። እናቷ ወጥ ስትሠራ የምታንጎራጉራት ዘፈን ናት ለካ። ቤት ውስጥ ነው የምታውቃት። በመድረክ ስትሰማት ልቧ ተነካ። ስለዚህ "የታወቁትን ጣሉልን" ብል ያቺ ልጅ ታንቀኛለች። ኮንሰርት ለኔ ብቻ አይደለም። በሕይወቱ አንዴ የሚመጣ ሰው አለ፤ የመጣበትን ሰምቶ መሄድ አለበት።

ታዲያ ምን እያልኩ ነው? እዚህ ጋ ስለ ክራር ትንሽ ማውራት አለብኝ።

ከሁለት ወር በፊት ድፍረት አግኝቼ ከመድረክ ጀርባ ገባሁ። የክራር ተጫዋቻችንን፣ ጋሼን፣ "ለምንድን ነው ሁልጊዜ ያው ቅደም ተከተል?" ብዬ ጠየቅኳቸው። አልመለሱልኝም። ክራሩን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። በትዝታ ተቃኝቶ ነበር፤ ደረደሩት። ከዚያ ቀንበሩ ላይ ክሩ ከተጠቀለለበት ጨርቅ አንዱን በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉ። ሰሙ። መለስ አደረጉ። ሁለተኛውን ያዙ። እንደገና የመጀመሪያውን ነኩ፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ሲጠብቅ የመጀመሪያው ላልቷል። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ደረደሩት፤ ባቲ ሆኗል። ቀና ብለው "አሁን ስንት ደቂቃ ሆነህ?" አሉኝ። ሰዓቴን አላየሁም ነበር። "ሰው ፊት ቢሆን ዘፋኙ ምን ያወራ ነበር?" አሉኝ።

ያኔ በራልኝ። ዘፋኛችን መሃል ላይ የሚያወሯት ያቺ የጅማ መኪና ቀልድ፣ ሁላችንም በቃላችን የምናውቃት፣ ለካ ቀልድ አይደለችም። ክራር መቃኛ ናት!

ለማያውቅ ሰው ልናገር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ አራቱ ቅኝቶቻችን ናቸው። ክራር አምስት ወይም ስድስት ክር ነው ያለው። ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ለመሻገር ክሮቹን እያላሉ፣ እያጠበቁ ማስተካከል ግድ ነው። ጊታሩና ኪቦርዱ ይህ ችግር የለባቸውም። ማሲንቆም አንድ ክር ስለሆነ ጣት እንደፈለገው ይሄዳል። ክራሩ ግን አይቸኩልም። ስለዚህ ባንዱ የትዝታዎቹን ባንድ ወገን፣ የባቲዎቹን ባንድ ወገን ይደረድራል። የጅማ መኪና ቀልድ መሃል ይገባል። ቅደም ተከተሉ የመጣው ከስንፍና አይደለም። ከክራሩ ነው የመጣው።

ዋሽንቱም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ዋሽንት ለሁሉም ድምፅ አይሆንም፤ ተጫዋቹ ጥቅል ይዞ ነው የሚዞረው። ዕድሜ ደግሞ የዘፋኝን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል። ድሮ በካሴት ላይ ከፍ ብሎ የተዘፈነው ዛሬ ወረድ ተደርጎ ነው የሚዘፈነው። ዘፈኑ በወረደ ቁጥር ዋሽንቱ ይረዝማል። አንድ የቆየ ዘፈን ከተረሳበት ለማውጣት ረዘም ያለ ዋሽንት መፈለግ አለበት ማለት ነው። አዲሱ ኪቦርዲስት ደግሞ ያ ካሴት ሲወጣ አልተወለደም ነበር። ልምምድ ይፈልጋል። ልምምድ ደግሞ ክፍል ይፈልጋል፤ ክፍሉ በሰዓት ነው የሚከራየው።

ይህን ሁሉ ሰምቼ አቤቱታዬን ልተወው ነበር። እየሄድኩ ሳለ ግን፣ አለርት ጋ መንገድ ተዘግቶ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ አንድ ነገር ታየኝ። ቅደም ተከተሉን ያሰረው ቅኝቱ ከሆነ፣ የቅኝቱን ቅደም ተከተል እንዳለ ተዉት። ትዝታው ከፊት ይሁን፣ ባቲው ከኋላ። የጅማ መኪናም ቦታዋን ትያዝ። አንድ የትዝታ ዘፈን አውጥታችሁ ሌላ የትዝታ ዘፈን ብታስገቡ ግን ክራሩ ምን ይጎዳል? ምንም። ከካሴቶቻችሁ ጀርባ ላይ፣ ማንም ወደፊት እያጠነጠነ የሚያልፋቸው፣ ስንት የትዝታና የባቲ ዘፈኖች ተኝተዋል! እኔ የምወዳት አለች። የገበያ ቀን ማታ ወደ ቤት ስለሚመለስ ሰው የሚዘፈነው። በመድረክ ሰምቻት አላውቅም።

አሥራ አራት ዘፈን ነው የምትጫወቱት። አሥራ አንዱ ባለበት ይቆይ። ሦስቱን ቦታ ግን ክፍት ተዉልን። በየጊዜው የተለየ ይግባበት። ጥያቄያችን ይቺው ናት።

ይህን የምጠይቀው የፈረንጅ ነገር ዓይቼ እንዳይመስላችሁ። ከማንም በፊት አዝማሪ አለን። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ትናንት የሰማውን ግጥም ዛሬ ሊሰማ አይገባም። "ተቀበል!" ይላል፣ ከኪሱ ያመጣትን ስንኝ ይሰጣል፣ ማሲንቆው ያነሳታል። ዜማው የታወቀ ነው፤ ግጥሙ የዚያች ማታ ነው። በደርግ ጊዜ ደግሞ የሰዓት እላፊ ነበር። ክበብ ገብቶ የመሸበት ሰው እስኪነጋ አይወጣም። እንደ ዋሊያስ ያሉ ባንዶች ሌሊቱን ሙሉ መጫወት ነበረባቸው። እስኪነጋ ለሚጫወት ሰው አሥራ አራት ዘፈን ምን ይሆነዋል? ከቁርስ በፊት ያልቅበታል።

ፈረንጆቹንም ካነሳን አይቀር፣ ግሬትፉል ዴድ የሚባል የአሜሪካ ባንድ ነበር። ከ1965 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ፎልክ የሚሉትን የሕዝብ ዘፈንና ብሉዝን ከሮክ ጋር እያዋሃደ ከ2,300 በላይ ኮንሰርት አሳየ። የዘፈኖቹ ዝርዝር በየማታው ስለሚለያይ አድናቂው ቴፕ እየያዘ ይመጣና ይቀዳል፤ ካሴቱን ይለዋወጣል። ባንዱ አልተቆጣም፤ እንዲያውም በ1984 ለቀጂዎቹ የራሳቸውን ቦታ ሰጣቸው። የኛን ባንድ አንድ ማታ የቀዳ ሰው ግን ዓመቱን ሙሉ ቀዳ ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እንግሊዞቹ ፌርፖርት ኮንቬንሽን አሉ። በ1967 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ፣ የእንግሊዝ ፎልክ ሮክ አባቶች ናቸው። ክሮፕሬዲ በምትባል የገጠር መንደር በየዓመቱ ፌስቲቫል አላቸው፤ የሚዘጉት ሁልጊዜ በዚያችው በአንድ ዘፈን ነው። ሰውም ቆሞ አብሮ ይዘፍናል እንጂ ጃኬት አይፈልግም። እነሱ ታክሲ የሚያመልጣቸው አይመስለኝም፤ ብዙዎቹ እዚያው ድንኳን ተክለው ነው የሚያድሩት። ስለዚህ የመጨረሻዋን ዘፈን አትንኩብን። ብቻ ሃያ ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ጀምሩልን።

የልምምዱን ነገር አስበንበታል። ከአድናቂው ትንሽ አዋጥተናል። ብዙ አይደለም፤ ለአንድ ከሰዓት የልምምድ ክፍል ኪራይ ይሆናል። ገንዘብ ያዣችን እንዳትረሺው፣ ቦርሳሽ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ትንሽ መሶብ እዩት። እናቴ ናት ያዋሰችኝ፤ ሳይቀደድ ይመለስ ብላለች። ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ዘፈን በወረቀት ጽፋችሁ ከታችሁበታል። ደንቡ አንድ ነበር፤ ከታወቁት አሥራ አራቱ ውጭ መሆን አለበት። አንድ ሰው ያንኑ አራተኛዋን ጽፎ አገኘሁ። ማን እንደሆነ ጽሕፈቱ ይናገራል፤ የእህቴ ልጅ ናት። አወጣሁባት።

ቅኝታቸውን ጋሼ ዛሬ ከሰዓት አንድ በአንድ ለይተውልኛል። የትዝታው ወረቀት ነጭ ክር ታስሯል፣ የባቲው ቀይ። አምባሰልና አንቺሆዬ ለሚቀጥለው ይቆዩን ብለዋል። እኛም እሺ ብለናል። የእቁብ ዕጣ የሚወጣው አንድ በአንድ ነው።

ጋሼ፣ ክራሩ አሁን በምን ተቃኝቷል?

በባቲ። ጥሩ። እንግዲህ ቀይ ክር ያለውን ብቻ ነው የምናወጣው። ዘፋኛችን፣ ይቅርታ፣ እጅዎን እዚህ ያስገቡልኝ። አይዩ፣ ዓይንዎን ጨፍነው!