ስለቱ የሚመጣው ከካርቶኑ ላይ ጽሑፍ አይደለም

የተከበራችሁ የወጥ ቤት ባለሙያዎች፣ ብልት አውጪዎች፣ ቢላ ሠሪዎችና የዕቃ ነጋዴዎች፤

ቢላ ሻጭ ወረቀት አንጠልጥሎ ከላይ እስከ ታች ሲሰነጥቀው ገዢ ይደነቃል። ይህ ግን ስለ ብረቱ ምንም አይነግረንም፤ በደንብ የተሳለ ቢላ፣ ርካሹም ቢሆን፣ ወረቀት ይቆርጣል። ልዩነቱ የሚለየው አንድ ኬሻ ሽንኩርት ከተከተፈ በኋላ ነው።

ካርቶኑ ላይ «የቀዶ ሕክምና ብረት» ተብሎ ይጻፋል። በዚህ ስም የሚታወቅ አንድ የተወሰነ ብረት የለም። የማይዝግ ብረት ዓይነት የሆነው «440» ቁጥሩ ብቻ ሲጻፍም ጎደሎ ነው። 440 ኤ ካርቦኑ ከ0.60 እስከ 0.75 በመቶ ሲሆን 440 ሲ ከ0.95 እስከ 1.20 በመቶ አለው፤ ስለት በመያዝ አይገናኙም። ፊደሉ ከሌለ የተሻለው ነው ብላችሁ አትክፈሉ።

«ደማስቆ» የሚባለው ባለ ሞገድ ቢላም አለ። እጀታው አጠገብ ጥቂት ቦታ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እሹት። በሌዘር ላዩ ላይ የታተመ ሞገድ ከሆነ ጠፍቶ ይቀራል፤ የተለያዩ ብረቶች ተደራርበው የተሠራው እውነተኛው ግን ብረት በሚበላው ኬሚካል፣ በፌሪክ ክሎራይድ፣ ሲነከር ተመልሶ ይወጣል። እውነተኛ ቢሆንም፣ በብዙዎቹ የጃፓን ዓይነት ቢላዎች ሞገዱ ልባስ ነው። የሚቆርጠው መሐል የገባው ብረት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቢላን ቢላ የሚያደርገው እሳቱ ነው። ከመኪና ባሌስትራ የሚሠራውን እንውሰድ። ብዙ ጊዜ ለባሌስትራ የሚያገለግለው 5160 የተባለው ብረት 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ማግኔት መሳብ ካቆመ በኋላ ጥቂት ጨምሮ፣ ወደ 830 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ ለብ ባለ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ውኃ ውስጥ ከገባ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዘይቱ ሲወጣ ሞረድ ያንሸራትታል፤ ጠንክሯል፣ ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ በ200 ዲግሪ ሁለት ሰዓት፣ ከቀዘቀዘም በኋላ እንደገና ሁለት ሰዓት ይቆያል። ይህን የዘለለ ሰው ቢላው አጥንት ሲነካ ይሸረፋል። ይህን ሁሉ አድርጎ በመጨረሻ መሞረጃ ማሽን ላይ አፉን ሰማያዊ እስኪሆን ያጋለውም ልፋቱን አጥፍቷል፤ ሰማያዊው 300 ዲግሪ ገደማ መድረሱን ያሳያል፣ ብረቱም ይለሰልሳል። በየጊዜው ውኃ ውስጥ እየነከሩ መሞረድ ነው። ያገለገለ ባሌስትራ ደግሞ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል አስቀድማችሁ መርምሩት።

የቢላ ጥንካሬ የሚለካው ሮክዌል ሲ በሚባል መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ብዙዎቹ የጀርመን የወጥ ቤት ቢላዎች ወደ 56 ናቸው፤ ቶሎ ይደንዛሉ፣ ቶሎም ይሳላሉ። ቪጂ 10 የተባለው የጃፓን ብረት ወደ 60 ይደርሳል። ለአትክልትና አጥንት ለሌለው ሥጋ መልካም ነው፣ ለአጥንት ግን አይሆንም። ትልቅ ቁጥር ሁሌ ይበልጣል የሚለው ማስታወቂያ ስንቱን ቢላ አሸርፏል!

የአሳሳል ማዕዘንም አለ። በየጎኑ 25 ዲግሪ የተሳለ ውድ ብረት፣ በ15 ዲግሪ ከተሳለ ርካሽ ብረት ባነሰ ሊቆርጥ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ቢላ ስታወዳድሩ በአንድ ድንጋይ፣ በአንድ ማዕዘን ሳሏቸው። እኩል ርዝመት ያለው ካርቶን በእያንዳንዱ መቶ ጊዜ ቁረጡ፤ ወረቀቱን የምትሞክሩት ያኔ ነው። ሻጩንም የብረቱን ሙሉ ስምና ሮክዌሉን ጠይቁት።