ጋዝ ሙላልኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬውን ክፍል የምቀዳው እንደ ወትሮው ቤት ውስጥ ሆኜ አይደለም። ግቢ ውስጥ በቆመው መኪናዬ ተቀምጫለሁ። ከላይ የሚንጠባጠበው የሐምሌ ዝናብ ነው፤ ታገሡኝ። አሁን ሞተሩን አስነሣለሁ። ይኸው ተነሣ። ቀጥዬ የኤሲውን፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ማለቴ ነው፣ ቁልፍ እጫናለሁ። «ጠቅ» ስትል ሰማችኋት? ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ፊት ላይ ያለው ማግኔት ብረቱን ስቦ ሲያጣብቅ የሚሰማ ድምፅ ነው። ይህች ድምፅ ሦስት ዓመት ሙሉ አታልላኛለች። ጠቅ ካለች ኮምፕሬሰሩ ጤነኛ ነው፣ የጎደለው ጋዝ ብቻ ነው እያልኩ ኖርኩ።

መኪናዋ ላንድክሩዘር 80 ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የተሠራች። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ስለ ሞተሩ ብዙ አላወራም፤ ይህን ሞተር የሚያውቅ ሁሉ ያመሰግነዋል፣ እኔም ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ከዳሽቦርዱ በሚወጣው ነፋስ ላይ ነበር።

ነገሩ የከነከነኝ እኅቴ አፋር ክልል፣ ሠመራ ከተማ ውስጥ በወለደች ጊዜ ነው። እናቴ ልታርሳት መሄድ አለባት፤ አድራሹ እኔ ነኝ። ወሩ ግንቦት ነው። አዳማ እስክንደርስ ኤሲውን ማንም አላስታወሰውም። መተሐራ ላይ፣ የበሰቃን ሐይቅ አልፈን ስንሄድ፣ ከፈትኩት። መጀመሪያ ቀዝቀዝ አለ። አዋሽ ከተማ ውስጥ ከአንድ ከባድ መኪና ኋላ ስንቆም ግን የሚወጣው ነፋስ ለብ አለ። መንገዱ ሲከፈትና ፍጥነት ስጨምር ይመለሳል፣ ስቆም ይሞቃል። ገዋኔን ስናልፍ መመለሱንም ተወው። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እያራገበች «ደህና ነው ልጄ፣ ነፋሱ ይበቃናል» ትለኛለች። ከኋላ ወንበር ላይ በጣሳ የያዘችው ለአራሷ የተነጠረ ቅቤ ቀልጦ፣ ከክዳኑ ሥር እየተንጠፈጠፈ ወንበሩን አጠጣው። እስከ ዛሬ ድረስ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲውል ኮረሪማና ኮሰረት ይሸታል።

እንደተመለስኩ ጋራዥ ሄጄ «ጋዝ ሙላልኝ» አልኩ። ሞሉልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀዘቀዘ፤ አዲስ አበባ ውስጥ መቼም መስኮት ብትከፍቱም ይቀዘቅዛል። በዓመቱ ሌላ ጋራዥ ሄጄ «ጋዝ ሙላልኝ» አልኩ። በሦስተኛው ዓመት ሦስተኛ ጋራዥ ሄድኩ፤ ንግግሬ ያው ነው። ከዚያ ቡና ላይ ተቀምጬ መካኒኮችን ሳማ እውላለሁ። አሁን ሳስበው ማንንም ማማት አልነበረብኝም። በሽታውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ መድኃኒቱን ያዘዝኩትም እኔ ነኝ። እነሱ የታዘዙትን ሰጡኝ።

አራተኛው ሰው ግን ትእዛዜን አልተቀበለም። በዕድሜ የገፉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ጋዝ ይሙሉልኝ» ስላቸው ቀና ብለው አይተውኝ «ናፍጣ ነው እንዴ የሚያልቀው?» አሉኝ። የኤሲ ጋዝ በተዘጋ መንገድ ነው የሚዞረው፤ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን አስጥሎ ፈሳሽ ያደርገዋል፣ ዳሽቦርዱ ሥር ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ተመልሶ ሲተን ቅዝቃዜ ይሰጣል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ኮምፕሬሰሩ። ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይፈለግ መሙላት በተሰነጠቀ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

የግፊት መለኪያቸውን ግን አላነሡም። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲሠራ አደረጉና ሞተሩን ከሰው መቀመጫ በሚለየው ላሜራ በኩል የሚገቡትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች እንድነካ ነገሩኝ። ሁለቱም ያቃጥላሉ። የሙቀቱ መምረጫ ቀዝቃዛው ላይ ነው፤ ስለዚህ የሙቅ ውሃው መዝጊያ ዘግቶ፣ ቢያንስ አንደኛው ቱቦ መቀዝቀዝ ነበረበት። መዝጊያውን የሚስበው ገመድ ዝጎ መንገድ ላይ ቀርቷል። ኢቫፖሬተሩ ያቀዘቀዘውን አየር ከአጠገቡ ያለው ማሞቂያ ተቀብሎ ያሞቀዋል። አንድ እጄ ሲያቀዘቅዝ ሌላው እጄ ሲያሞቅ ሦስት ዓመት። ገመዱን በዘይት አሻሽተው፣ ማሰሪያውን አጥብቀው አስተካከሉት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ቀጥለው ረዳታቸውን ከራዲያተሩ በስተኋላ አቆሙና ከፊት ለፊት በባትሪ አበሩ። «ብርሃን ይታይሃል?» «አይታየኝም።» ከፊት ሲያዩት ኮንደንሰሩ ንጹሕ ነበር፤ እኔም በየሳምንቱ ሳጥበው ደስ እያለኝ ነው። ቆሻሻው ያለው በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል፣ እጅ በማይገባበት ጠባብ ቦታ ነው። ፈትተው ከኋላ ወደ ፊት ቀስ ባለ ውሃ ሲያጥቡት የወጣው ነገር አስገረመኝ፤ ዘይት የጠጣ የአፋር አቧራ፣ ገለባ፣ ደግሞም የአንበጣ ክንፍ። በ2012 ዓ.ም. አንበጣው ምሥራቁን ሲያጥለቀልቅ በመካከሉ ነድቼ አልፌ ነበር። ክንፎቹ እንደ መስታወት ወረቀት ተደራርበው ተቀምጠዋል። ስቆም የሚሞቀው፣ ስሄድ የሚቀዘቅዘው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በፍጥነት ስንሄድ ነፋሱ በግድ ያልፋል፤ ስንቆም ግን ቬንቲላተሩ ብቻውን በዚያ ድሪቶ ውስጥ አየር መሳብ አይችልም።

አሁን ወደ ጋዙ ደረስን። የእኔ መኪና ስትሠራ በአር 12 ጋዝ ነበር የምትሞላው። ይህ ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ ወጣ፤ መኪኖችም ወደ አር 134ኤ ተሻገሩ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት መሙያ መጋጠሚያዎቹን አስቀይሮ አሻግሯታል። ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ግን አሁንም የሚናገረው የአር 12ን መጠን ነው። እንዲህ ወደ አዲሱ ጋዝ የተሻገረ መኪና የሚፈልገው ከድሮው መጠን ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህል ነው። እኔ ደግሞ በየጋራዡ «ወረቀቱ ላይ ያለውን ያህል፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምርበት» እል ነበር። በዝቶ ሲሞላ ኮንደንሰሩ በፈሳሽ ይጨናነቃል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ቅዝቃዜው ይቀንሳል። ሲሞቅብኝ ጋዝ አስጨምራለሁ፤ ስጨምር ይሞቃል።

ታዲያ በየዓመቱ የምሞላው ጋዝ የት ሄደ? የኮምፕሬሰሩ አፍንጫ አካባቢ አቧራ የያዘ የዘይት ወዝ አሳዩኝ። ጋዙ ዘይት ይዞ ስለሚዞር በሚያመልጥበት ቦታ ምልክት ይተዋል። የሻፍቱ፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ዘንግ፣ ማሸጊያ ጎማ ደርቋል። ያደረቀው አዲስ አበባ ነው። እኛ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት «ብርድ ሊመታን ነው» ብለን የምንጮህ ሰዎች ነን፤ ኤሲ ማን ይከፍታል? ኮምፕሬሰሩ ለወራት ካልዞረ ዘይቱ ማሸጊያው ጋ አይደርስም። በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ማሠራት ይበቃ ነበር። ዛሬም እዚህ ዝናብ ውስጥ የከፈትኩት ለእናንተ ድምፅ ለማሰማት ብቻ አይደለም፤ ቀኑ ነው።

ማሸጊያውና ማድረቂያው ጠርሙስ ከተቀየሩ በኋላ ቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን አየር በፓምፕ መምጠጥ ቀጠለ። እዚህ ላይ አፍሬ የምነግራችሁ ነገር አለ። በቪዲዮ ተምሬ ስለነበር መለኪያው 29 ኢንች ሜርኩሪ (የግፊት መስፈሪያ ነው) መድረስ እንዳለበት አውቃለሁ። የእሳቸው መርፌ 22 ላይ ደርሳ ትንሽ አለፈችና ቆመች። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፤ ንቅንቅ የለም። «ጋሼ፣ ፓምፕዎ ደክሟል» አልኳቸው። ረዳቱ ሳቁን ለመደበቅ ዞረ። እሳቸው አልተቆጡም። «ልጄ፣ ያየኸው ሰውዬ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው የሚሠራው። እኛ ጣሪያ ላይ ነን። ድሬዳዋ ስሠራ በዚሁ ፓምፕ 26 ይደርስልኝ ነበር» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። መለኪያው የሚያሳየው በውጪው አየርና በቱቦው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ባለችበት፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ፣ የውጪው አየር ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚመጠጥ የለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ሒሳቡ 26 ላይ ይመጣል። ሽማግሌው በትክክል ነግረውኛል።

ጋዙን በሚዛን፣ ግራም በግራም ሞሉት። የነበረውን ጋዝ አስቀድመው ወደ ባዶ ሲሊንደር መልሰውት ነበር። የቀድሞዎቹ ጋራዦች በፊቴ ቧንቧውን ፈትተው «ፍሽሽ» ያደርጉት ነበር፤ እኔም ቆሜ አያለሁ። ይህ ጋዝ ምድርን በማሞቅ በኩል በ100 ዓመት ስሌት የካርቦን ዳይኦክሳይድን 1,430 እጥፍ ጉልበት አለው።

ባለፈው ግንቦት የእኅቴ ልጅ ሦስተኛ ዓመት ልደት ስለነበር እናቴን ይዤ በዚያው መንገድ ወረድኩ። አዋሽ ላይ እንደዚያን ጊዜው ከከባድ መኪና ኋላ ቆምን። እጄን መውጫው ላይ አደረግኩ፤ በረዶ ነው። ምን እንደምትል ለመስማት በመስታወቱ ዞር ብዬ አየኋት። ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች።

«ኧረ ዝጋው ልጄ» አለችኝ፣ «ብርድ መታኝ እኮ።»