እሳት ያልገባው ጭቃ

እንደምን አረፈዳችሁ! ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ከደሴም ከሐይቅም ማልዳችሁ ኮምቦልቻ የገባችሁ እንግዶች፣ አብሽሩ፣ አላስረዝምባችሁም።

አጎቴ ደሴ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። ሌባ ፈርቶ ሱቁ ላይ ካሜራ አስተከለ። ከወራት በኋላ «ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፣ እስቲ ና እየው» አለኝ። ሄጄ መቅጃውን ከፈትኩት። የይለፍ ቃሉ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? 12345! ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ የተከለውም ሰው አልነካው። ሌባ ይጠብቃል የተባለው ዕቃ የራሱን በር ከፍቶ ተቀምጧል። አጎቴ ሳቀ። «የእኔን ሱቅ ማን ቁም ነገር ብሎ?» አለኝ።

ሚራይ ሱቅ አይመርጥም፣ አጎቴ። ይህ ቫይረስ በ2016 እ.ኤ.አ. 60 ያህል የፋብሪካ የይለፍ ቃሎችን ይዞ በየካሜራውና በየራውተሩ እያንኳኳ ዞረ። የከፈተለትን ሁሉ ወታደር አደረገው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 እነዚህ ወታደሮች፣ ድረ ገጾች የት እንዳሉ ለኮምፒውተሮች የሚጠቁመውን ዳይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በጥያቄ ጎርፍ አጥለቀለቁት፤ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው አልከፍት አሉ። መሣሪያውን አጥፍተህ ስታበራው ቫይረሱ ይጠፋል። የይለፍ ቃሉን ካልቀየርክ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይገባል።

የይለፍ ቃል መቀየር ሳንቲም አይጠይቅም፤ መጀመሪያ እሱን አድርጉ። ግን ካሜራ ግድግዳ ላይ 10 ዓመት ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ መረጃው የሚቆለፍበት ምስጠራ፣ ማለትም ቁልፉም ያረጃል። እዚህ ላይ ነው የዛሬው ጉዳዬ።

ተራ ቺፕ እንደ ጀበና ነው። አንዴ እሳት ከገባ በኋላ አንገቱ ጠበበ ብለህ አታሰፋውም። ኤፍፒጂኤ የሚባለው ቺፕ ግን እሳት ያልገባ ጭቃ ነው። ውስጡ ትንንሽ የሎጂክ ክፍሎች ሞልተዋል፤ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ የሚወስነው የምንጭንበት ፋይል ነው። ፋይሉ ሲቀየር ያው ቺፕ ሌላ ሰርኪዩት ይሆናል። ዛይሊንክስ የተባለው ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያው ቺፕ 64 ክፍል ብቻ ነበረው።

በ2024 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ የዛሬውን ቁልፍ ወደፊት ሊሰብር ይችላል የሚባለውን የኳንተም ኮምፒውተር ይቋቋማሉ ያለቻቸውን 3 የምስጠራ መስፈርቶች አወጣች። ቀድሞ የተተከለ ኤፍፒጂኤ፣ ቦታ ከተረፈው፣ ከግድግዳው ሳይወርድ አዲሱን ቁልፍ ሊለብስ ይችላል።

እንዳላጋንን ደግሞ። ቺፑ ውድ ነው፤ መብራትም ይበላል። ለአምፖል አይሆንም። በየካሜራው ከምንከተው፣ ርካሾቹን ካሜራዎች ከኋላው አሰልፎ በር ላይ የሚቆም አንድ ሳጥን ብንሠራ ይሻላል ባይ ነኝ። ሌላም አለ፦ እኛ የምንቀይረውን ሌባም ሊቀይረው ይሞክራል። ስለዚህ ቺፑ ፋይሉን ከመቀበሉ በፊት የማን እንደሆነ ማጣራት አለበት። በ2020 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ስታርብሊድ ያሉትን ቀዳዳ አጋለጡ፤ በዛይሊንክስ 7 ሲሪስ ቺፖች ላይ የፋይሉ ምስጠራ ራሱ ይሰበር ነበር። ምስጠራውን የሚፈታው የቺፑ ክፍል ደግሞ እሳት የገባበት ነው፤ በፋይል አይጠገንም፣ ቺፑን መለወጥ ነው። ጭቃው ውስጥም ጀበና አለ ማለት ነው።

የሳጥኑ ሙከራ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ነው። ኑና ለመስበር ሞክሩ፤ የሚሰብረው ሰው ቡና በእኔ ነው።

አጎቴም ሦስተኛው ረድፍ ላይ አለ። የይለፍ ቃሉን ቀይሯል። ምን እንዳለው ግን እንዳትጠይቁት፤ አደራ፣ ይነግራችኋል።